ሳርኮሜርን በካርቶን ሠርቶ በማስመሪያ መለካት፦ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር ደረጃ በደረጃ

ባዮሎጂ ወይም የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ጡንቻ ሲኮማተር የትኛው ባንድ (በማይክሮስኮፕ የሚታየው የጡንቻ መስመር) ይጠባል? የትኛው ባለበት ይቀራል? አብዛኛው ተማሪ ሸምድዶ ነው ፈተና የሚገባው። ኤ ባንድ አይቀየርም፣ አይ ባንድ ይጠባል፣ ኤች ዞን ይጠፋል። ፈታኙ ጥያቄውን ገልብጦ "ሲለጠጥስ?" ካለ ግን ሁሉም ነገር ይደባለቃል።

ሽምደዳ አያስፈልግም። ካርቶን፣ መቀስና ማስመሪያ ካላችሁ እቤት ቁጭ ብላችሁ ልኬቱን የጠበቀ ሳርኮሜር፣ ማለትም የጡንቻን ትንሿን የመኮማተሪያ ክፍል፣ መሥራት ትችላላችሁ። ልኬቱ ትክክል ከሆነ መልሱን ማስመሪያው ራሱ ይነግራችኋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ሥዕሎች ችግራቸው እዚህ ጋ ነው። ቀለማቸው ያምራል፣ ልኬት ግን የላቸውም። ስለዚህ ዓይናችሁን እንጂ ጭንቅላታችሁን አይረዱም።

መጀመሪያ የምንሠራው ነገር የት እንዳለ እንወቅ

ጡንቻ በፋይበሮች የተሞላ ነው። አንድ ፋይበር አንድ ሴል ነው፤ ውፍረቱ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ሲሆን ርዝመቱ ብዙ ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ፋይበሩ ውስጥ ማዮፊብሪል የሚባሉ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር የሚወፍሩ ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ማዮፊብሪል ደግሞ ጫፍ ለጫፍ የተያያዙ ሳርኮሜሮች ሰልፍ ነው። ሳርኮሜር ማለት ከአንዱ ዜድ መስመር እስከ ቀጣዩ ዜድ መስመር ያለው ክፍል ነው፤ ጡንቻው ሲያርፍ ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ይሆናል። 10 ሴንቲሜትር በሚረዝም ፋይበር ውስጥ ያለ አንድ ማዮፊብሪል ከ40 ሺህ በላይ ሳርኮሜር ይይዛል ማለት ነው። እያንዳንዷ በጣም ጥቂት ታጥራለች፤ ሲደመር ክንድ ይታጠፋል።

ይህ አደረጃጀት ያለው በአጥንት ላይ በተያያዙ ጡንቻዎችና በልብ ጡንቻ ነው። የጨጓራ፣ የደም ሥርና የማሕፀን ጡንቻዎችም አክቲንና ማዮሲን የሚባሉት የመኮማተሪያ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ግን እንዲህ በመስመር አልተሰለፉም። ለዚህ ነው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዝንጉርጉር የማይሆኑት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ጠንከር ያለ ወረቀት ወይም የጫማ ካርቶን፣ መቀስ፣ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ፣ ኮላ፣ ፕላስተር፣ ሁለት ቀለም ማርከር፣ ትንሽ የስፌት ክር፣ ስፒሎች፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አራት። ላስቲክ ካጣችሁ አትጨነቁ።

ልኬታችን ቀላል ነው፤ 1 ማይክሮሜትርን 10 ሴንቲሜትር እናደርገዋለን። መቶ ሺህ ጊዜ አጎላን ማለት ነው። ርዝመት ላይ አናጭበረብርም። ውፍረት ላይ ግን ማጭበርበር ግድ ነው፤ ወፍራሙ የማዮሲን ክር 15 ናኖሜትር ገደማ፣ ቀጭኑ የአክቲን ክር 7 ናኖሜትር ገደማ ነው። በእኛ ልኬት 1.5 እና 0.7 ሚሊሜትር ይሆናሉ። እሱን በመቀስ የሚቆርጥ ሰው ካለ ይሞክር።

ደረጃ 1፦ ወፍራሙን ክር መቁረጥ

16 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ፣ 2 ሴንቲሜትር የሚሰፉ ሁለት ቁራጮች አዘጋጁ። የማዮሲን ክር 1.6 ማይክሮሜትር ስለሚረዝም ነው። መሐሉ ላይ፣ 8 ሴንቲሜትር ላይ፣ መስመር አስምሩ። ይህ ኤም መስመር ነው። ከኤም መስመር በግራም በቀኝም 1 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ። እዚህ ቦታ ላይ የማዮሲን ጅራት ብቻ እንጂ አክቲንን ይዞ የሚስበው ራስ የለም። የቀሩት ሁለቱ 7 ሴንቲሜትሮች ላይ የማዮሲን ራሶችን በትናንሽ ጭረቶች ሣሉ። በሁለቱም በኩል ወደ ኤም መስመር የሚያመለክት ቀስት ጨምሩ፤ ራሶቹ የሚጎትቱት ወደዚያ ነው።

ስንት ራስ ልሣል? እውነተኛው ክር ላይ ራሶቹ በየ14.3 ናኖሜትሩ በረድፍ ይወጣሉ፤ በእኛ ልኬት 1.43 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። 7 ሴንቲሜትርን ለ1.43 ሚሊሜትር ስታካፍሉ 49 ረድፍ ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ማዮሲን አለ። በአንድ በኩል 147፣ በሁለቱም በኩል 294። እያንዳንዱ ማዮሲን ሁለት ራስ ስላለው አንድ ወፍራም ክር ላይ 600 የሚጠጉ ራሶች አሉ። እናንተ በየ1 ሴንቲሜትሩ አንድ ጭረት ብትሥሉ ይበቃል። ቁጥሩን ግን ያዙት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ደረጃ 2፦ ቀጭኑን ክርና ዜድ መስመርን ማያያዝ

10 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ፣ 1 ሴንቲሜትር የሚሰፉ ስድስት ቁራጮች ቁረጡ። ለዜድ መስመር ደግሞ 8 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቁራጮች። በአንዱ ዜድ ላይ ሦስት ቀጫጭን ክሮችን ቀጥ አድርጋችሁ በኮላ ለጥፉ፤ በመካከላቸው 2.5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑር። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ክሮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ወፍራሞቹ ክሮች በክፍተቶቹ ውስጥ ይገባሉ።

10 ሴንቲሜትር ያልነው በእንቁራሪት ጡንቻ ልክ ነው፤ መሠረታዊዎቹ ሙከራዎች የተሠሩት በእሷ ላይ ነው። በሰው ላይ ቀጭኑ ክር ትንሽ ይረዝማል። ሌላም ነገር አለ፤ የእኛ ሞዴል ጠፍጣፋ ነው። በእውነተኛው ጡንቻ አንድ ወፍራም ክር በስድስት ቀጫጭን ክሮች ይከበባል፤ አንድ ቀጭን ክር ደግሞ በሦስት ወፍራሞች መሐል ይገኛል።

አሁን ከቀጫጭኖቹ አንዱን ብቻ ምረጡና በየ4 ሚሊሜትሩ ቀይ ነጥብ አድርጉበት። እያንዳንዱ ነጥብ ትሮፖኒን፣ ማለትም ካልሲየም የሚቀመጥበት ፕሮቲን፣ ነው። ክሩ ከአክቲን እንክብሎች የተሠራ ነው፤ ሁለት ረድፍ ሆነው ይጠማዘዛሉ። በላያቸው ላይ ትሮፖማዮሲን የሚባል ረጅም ፕሮቲን ተጋድሟል፤ አንዱ ትሮፖማዮሲን ሰባት እንክብል ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ትሮፖማዮሲን አንድ ትሮፖኒን አለ። ትሮፖማዮሲኑን ለመወከል የስፌት ክሩን በነጥቦቹ ላይ አጋድሙት፤ አታጣብቁት፣ በኋላ እናንቀሳቅሰዋለን።

ደረጃ 3፦ ላስቲኩ

ላስቲኮቹን ቆርጣችሁ እያንዳንዱን የወፍራም ክር ጫፍ ከቅርቡ ዜድ መስመር ጋር በስፒል አያይዙ። ይህ ታይቲን ነው። ከ30 ሺህ በላይ አሚኖ አሲድ አለው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከሚታወቁት ፕሮቲኖች ትልቁ ነው። ከዜድ መስመር ተነሥቶ እስከ ኤም መስመር ይዘልቃል። ወፍራሙን ክር መሐል ላይ የሚይዘው፣ የተለጠጠ ጡንቻንም ወደ ቦታው የሚመልሰው እሱ ነው። አንዳንድ መማሪያዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ይህ ግፍ ይመስለኛል። ላስቲኩ ካስቸገራችሁ ግን አውጡት፤ ለቀጣዩ ደረጃ የግድ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ መለካት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ወፍራሞቹን ክሮች ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር አጥብቁ። ሁለቱን ዜዶች ከግራና ከቀኝ እያንሸራተታችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ቀይሩ። በእያንዳንዱ ርቀት ሦስት ነገር ለኩ። የወፍራሙ ክር ሙሉ ርዝመት ኤ ባንድ ነው። ከዜድ እስከ ወፍራሙ ክር ጫፍ ያለው የአይ ባንድ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጎረቤት ሳርኮሜር ውስጥ ነው። በቀጫጭኖቹ ክሮች ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ኤች ዞን ነው።

ይህን ታገኛላችሁ፦

ዜዶቹ 30 ሴንቲሜትር ሲራራቁ፦ ኤ ባንድ 16፣ ግማሽ አይ ባንድ 7፣ ኤች ዞን 10።
24 ሲሆን፦ 16፣ 4፣ 4።
22 ሲሆን፦ 16፣ 3፣ 2።
20 ሲሆን፦ 16፣ 2፣ 0።

ኤ ባንድ ንቅንቅ አላለም። እንዴት ይነቃነቃል? እሱ የካርቶኑ ርዝመት ነው፤ ካርቶኑን ማንም አልቆረጠውም። ቀጫጭኖቹም ክሮች ያው 10 ናቸው። ያጠረ ክር የለም፤ የተቀየረው መደራረቡ ብቻ ነው። ፈታኙ "ሲለጠጥስ?" ቢል ዜዶቹን በሐሳባችሁ ወደ ውጭ ትገፏቸዋላችሁ፤ አለቀ።

ዛሬ ቀላል ይመስላል። ቀደም ሲል ግን ብዙዎች ክሮቹ ራሳቸው የሚታጠፉ ወይም የሚጨማደዱ ይመስላቸው ነበር። ነገሩን የቀየሩት ኔቸር መጽሔት ላይ በግንቦት 1954 እ.ኤ.አ. በአንድ እትም የወጡ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። አንዱን አንድሩ ኸክስሊና ሮልፍ ኒደርገርክ ጻፉት፤ ሌላውን ሂዩ ኸክስሊና ጂን ሃንሰን። ሁለቱ ኸክስሊዎች ዝምድና የላቸውም። ለየብቻ ሠርተው አንድ መልስ ላይ ደረሱ። ጡንቻው ሲያጥር የኤ ባንድ ስፋት አይቀየርም፤ ስለዚህ ክሮቹ ይንሸራተታሉ። እናንተ አሁን በማስመሪያ ያያችሁት ይህንኑ ነው።

ዜዶቹን 36 ሴንቲሜትር አራርቁና እዩ። ቀጭኑና ወፍራሙ ክር ጨርሶ አይነካኩም። ራሶቹ የሚይዙት አክቲን ስለሌለ ጉልበት ዜሮ ነው። ከዚያ ቀስ እያላችሁ አቀራርቡ። በተጠጋ ቁጥር ብዙ ራስ አክቲን ያገኛል፣ ጉልበትም ይጨምራል። 22 ላይ ስትደርሱ የራሶቹ ቦታ በሙሉ ይሸፈናል። ከ22 ወደ 20 ስትሄዱስ? ቀጭኑ ክር የሚገባው ራስ በሌለበት በባዶው 2 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። የሚጨመር ራስ የለም፣ ጉልበትም አይጨምርም። ከ20 በታች የሁለቱ ወገን ቀጫጭን ክሮች ይጋጫሉ፤ ጉልበት መውረድ ይጀምራል።

ጎርደን፣ አንድሩ ኸክስሊና ጁሊያን በ1966 በአንድ የእንቁራሪት ፋይበር ላይ የለኩት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከፍተኛው ጉልበት ከ2.0 እስከ 2.2 ማይክሮሜትር ላይ ነበር፤ ጉልበቱ ዜሮ የሆነው ደግሞ 3.65 አካባቢ። የካርቶን ሞዴል ይህን ያህል ሲቀርብ ደስ ይላል።

ደረጃ 5፦ አንድን ራስ ማንቀሳቀስ

ከተረፈው ካርቶን አንድ ትንሽ የማዮሲን ራስ ቆርጣችሁ ወፍራሙ ክር ላይ እንዲዞር አድርጋችሁ በስፒል ያዙት። አሁን ዑደቱን በእጃችሁ ሥሩት።

ራሱ አክቲኑን ጭምድድ አድርጎ ይዟል እንበል። ኤቲፒ የሚባለው የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል መጥቶ ራሱ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ይላቀቃል። ቀጥሎ ኤቲፒው ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ይከፈላል፤ ራሱ ወደ ኋላ ይወጠራል። የተወጠረው ራስ ሌላ የአክቲን እንክብል ይይዛል። ፎስፌቱ ሲወጣ ራሱ ወደ ኤም መስመር ይታጠፋል፣ ቀጭኑንም ክር ይዞት ይሄዳል። ኤዲፒውም ይወጣል፤ ራሱ እንደገና ጭምድድ አድርጎ እንደያዘ ይቀራል። ሌላ ኤቲፒ እስኪመጣ።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። "ኤቲፒ ለምን ይጠቅማል?" ሲባል "ለመሳብ" ይላል። ልክ ነው፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከእሱ ነው። ግን ኤቲፒ መጥቶ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ማላቀቅ ነው። ኤቲፒ ከሌለ ራሱ አይለቅም። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ።

አንድ ስበት ክሩን ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ያንቀሳቅሰዋል። በካርቶናችን ከግማሽ እስከ 1 ሚሊሜትር ነው። ዜዶቹን ከ24 ወደ 20 ለማምጣት እያንዳንዱ ዜድ 2 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። ስለዚህ በደፈናው ከ20 እስከ 40 ስበት ይጠይቃል። በእጃችሁ አምስቱን ብቻ ሠርታችሁ እዩት፤ ይሰለቻል። 600 ራስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ራሶቹ ደግሞ እኩል አይስቡም፤ ከጉድጓድ ውሃ በገመድ እንደሚስብ ሰው እጆች በየተራ ነው። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይዞ ይጠብቃል። ሁሉም አንዴ ቢለቁ ክሩ ወደ ኋላ ይሾልክ ነበር።

ደረጃ 6፦ ካልሲየሙን መጨመር

እስካሁን ራሶቹ እንደልባቸው አክቲን እንዲይዙ ፈቅደናል። እውነታው ግን ጡንቻ ሲያርፍ የስፌት ክሩ፣ ማለትም ትሮፖማዮሲኑ፣ መያዣውን ቦታ ሸፍኖታል። ትእዛዙ ከነርቭ ይመጣል። ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቅቃል፣ የፋይበሩ ሽፋን ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሣል፣ ምልክቱ ቲ ቲዩብ በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከሚባለው ማከማቻ ካልሲየም ይፈስሳል።

ካልሲየሙ ቀይ ነጥቦቹ ላይ፣ ትሮፖኒን ላይ፣ ይቀመጣል። አሁን የስፌት ክሩን በጣታችሁ ትንሽ ወደ ጎን ግፉት። ቦታው ተከፈተ። ራሶቹ ይይዛሉ፣ ይስባሉ። ምልክቱ ሲቆም ፓምፖች ካልሲየሙን ወደ ማከማቻው ይመልሳሉ፤ ክሩም ወደ ቦታው ይመለሳል። ፓምፖቹም የሚሠሩት በኤቲፒ ነው። ስለዚህ ጡንቻ መሳብ ብቻ ሳይሆን ማረፍም ጉልበት ያስወጣዋል።

የትሮፖኒንን ሥራ በ1960ዎቹ ያወጣው ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ ነው። ደረቱን አሞት ሆስፒታል የሄደ ሰው "ትሮፖኒን ይታይ" ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ያው እሱ ነው። የልብ ጡንቻ ሴሎች ሲጎዱ ትሮፖኒናቸው ወደ ደም ይወጣል፣ ላቦራቶሪው ይለካዋል።

ደረጃ 7፦ እውነተኛውን ማየት

ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ይህን አትለፉት። ሩዝ ፍሬ የምታክል ቀይ ሥጋ ውሰዱ፤ ጥሬም የተቀቀለም ይሆናል። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ጨው ያለው ውሃ አድርጉ። ሥጋውን እዚያው በሁለት መርፌ በርዝመቱ እየሰነጠቃችሁ አሳሱት፤ ከፀጉር እስኪቀጥን ድረስ። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ማቅለሚያ ካለ አንድ ጠብታ ጨምሩ። በስስ መስታወቱ ሸፍኑት። በአነስተኛው ሌንስ አግኙት፣ ከዚያ ወደ 400 እጥፍ ሂዱ።

ምንም መስመር አይታየኝም የምትሉ ከሆነ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ ብርሃኑ በዝቷል፤ ከስላይዱ በታች ያለውን ዲያፍራም ጠበብ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ቁራጩ ወፍሯል፤ ጠርዝ ላይ የተነጠለ ብቸኛ ፋይበር ፈልጉ። ከዚያ አግድም የተሰመሩ ቀጫጭን ዝንጉርጉር መስመሮች ብቅ ይላሉ። 2 ማይክሮሜትር የሆነ ሳርኮሜር በ400 እጥፍ 0.8 ሚሊሜትር መስሎ ይታያል። አንዱን ከመለካት አሥሩን ቆጥሮ ማካፈል ይሻላል። ክሮቹን ራሳቸውን ግን አትፈልጓቸው፤ በብርሃን ማይክሮስኮፕ የሚታዩ አይደሉም።

ሥጋውን ካነሣን አይቀር

ገና የታረደ በሬ ሥጋ ሲርገበገብ ያላየ ያለ አይመስለኝም። በሬው ቢሞትም ጡንቻው ውስጥ ኤቲፒ ስላለ ነው። ከሰዓታት በኋላ ኤቲፒው ያልቃል። ያን ጊዜ ራሶቹ እንደያዙ ይቀራሉ፤ የሚያላቅቃቸው የለም። ሥጋው ይገተራል። ደረጃ 5 ላይ አጥብቃችሁ ያዙ ያልኩት ይህ ነው። በኋላ ሥጋው የሚለሰልሰው ኢንዛይሞች ፕሮቲኖቹን ሲቆራርጡ ነው።

ለበዓል ቅርጫ ገብታችሁ ሥጋውን ትኩሱን ፍሪዘር የምትጨምሩ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ኤቲፒ ገና ሳያልቅ ሥጋው ከ10 ዲግሪ በታች በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማከማቻው ካልሲየሙን መያዝ ያቅተዋል። ካልሲየሙ ይፈስሳል፣ ሳርኮሜሮቹ ያጥራሉ፣ ሥጋው ይጠነክራል። ትኩሱን በረዶ አድርጎ በኋላ ማሟሟት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲሟሟ ኃይለኛ መኮማተር ይመጣል። የሥጋ ባለሙያዎች ከእርድ በኋላ ባሉት 10 ሰዓታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ። ስለዚህ ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ከዚያ ፍሪጅ፣ በማግስቱ ፍሪዘር። ቆላ ላይ ያላችሁ ግን ይህን አትሞክሩት፤ ሥጋው ከሚበላሽ ቢጠነክር ይሻላል። ከቻላችሁ ደግሞ ከአጥንቱ አትነጥሉት፤ አጥንት ላይ የተያዘ ጡንቻ እንደልቡ ማጠር አይችልም። ለክትፎ የሚከተፍ ከሆነ ወይም ድስት ላይ ለረጅም ሰዓት የሚበስል ከሆነ ያን ያህል አያሳስባችሁ። ለጥብስ ያሰባችሁትን ግን ለይታችሁ አቆዩት።